የብርነሽ ጉትቻ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእታለም ሐረገወይን፣ በቤሩት፤

የቁስቋም እመቤት ባሕር ማዶ ያለሽውን ትጠብቅሽ። እናቴ «የእህቴን ልጅ ዓይኗን ስሜያለሁ በልልኝ» ብላለች። አባቴም ሰላም ብሎሻል። ቀጥዬ «እኔ ደኅና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። ግን ደኅና አይደለሁም። ለውሸት ደግሞ ቴምብር አልገዛም።

ታናሻችን ብርነሽ ሞተች። ጥቅምት ውስጥ፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለተወለደች አላየሻትም። አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ ፈረጠ፤ ዳነ ስንል በሌላ በኩል አበጠ። ከአምባ ጊዮርጊስ እዚህ ድረስ በማኪና አመጣናት። ሐኪም ቤቱ ካርድ አወጣላት፣ መርፌ ወጋት። አገር ቤት ስትመለስ ደግሞ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሉን ያጥብላት ጀመር። ከቡናማ ጠርሙስ ውሃ የመሰለ ነገር ያፈስበታል፤ ወዲያው ነጭ አረፋ ይፈላል። እኔ ለመስቀል ዕረፍት ሄጄ ስለነበር በየቀኑ አዝያት እሄድ ነበር። ሌላው ልጅ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ እሷ ትስቃለች።

«ማሩ፣ ና እይ! ወተት ገነፈለ!»

«ዝም በይ አንቺ» ይላታል ድሬሰሩ፤ «አረፋው በሽታውን እየበላልሽ ነው።»

«ይብላው! ደግሞ ጨምርበት!»

ጨመረበት። እኔም አመንሁ። አረፋው የበዛ ቀን ደስ ብሎኝ፣ ያነሰ ቀን ከፍቶኝ እመለስ ነበር። የጠርሙሱን ስም አንብቤ በቃሌ ያዝሁት፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይላል።

ከቀብር በኋላ ትምህርት ቤት ስመለስ ህንዱን የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት። ከሥጋ ቤት የበግ ጉበት አስመጣና ያንኑ ውሃ አፈሰሰበት። ከብርነሽ አንገት ይልቅ ፈላ። በጉ እኮ ጤነኛ ነበር፤ ጧት የታረደ። ስለዚህ አረፋው በሽታ አይበላም። ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር? ድሬሰሩ ዋሸን ወይስ አያውቅም? አንቺ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታዪ የምትውይ ነሽ። ንገሪኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብቻ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ እሱን የሚለኝ እዚህ ሞልቷል።

ሌላም ነገር አለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ዳኛው ከቀብር መልስ፣ አፈሩ ገና ከእጃችን ሳይታጠብ፣ ድንኳኑ መሐል ቆሞ «ይህች ሴት ሾተላይ አለባት፤ የወለደችውን ይበላባታል። ከማሩ በኋላ ሦስት ቀበረች። ወንድሜ ሌላ ሚስት ያግባ» አለ። አባቴ መሬት መሬት አየ። ሽማግሎች ተቀምጠው ለግንቦት ልደታ ማግስት ቀጠሩ። ያን ቀን እናቴ ትኖራለች ወይ ትሄዳለች።

እናቴ አላለቀሰችም። የብርነሽን ጉትቻ አውጥታ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። አንድ ጉትቻ ብቻ ነበረች፣ የግራ ጆሮዋ።

ታናሽ ወንድምሽ
ማሩ አዘዘ


ቤሩት
ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለወንድሜ ማሩ፤

የአገሬ ታቦታት ሁሉ ካንተና ከአክስቴ ከሸጋዬ ጋር ይሁኑ። አትበይኝ ያልከውን አላልሁህም። ደብዳቤህን የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት፤ ሰው እየረገጠኝ ያልፍ ነበር።

ድሬሰሩ አልዋሸህም፤ ግማሹን ነው የሚያውቀው። በደምና በጉበት ውስጥ ያንን ውሃ የሚያፈርስ ነገር አለ። ካታሌዝ ይሉታል። ሲያፈርሰው ተራ ውሃና አየር ይሆናል፤ አረፋው አየሩ ነው። ቁስል ያጥባል፣ ቆሻሻ ያወጣል። ከሥር ድረስ ግን አይደርስም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። የሐኪም ቤቱ ካርድ ካለህ ያለውን ሁሉ ገልብጠህ ላክልኝ። ከብርነሽ በፊት የሞቱት ሁለቱ ምን ሆነው እንደሞቱም እናትህን ጠይቅልኝ። እኔ የምሠራው የሕፃናት ደም ከሚያጠና አንድ ሊባኖሳዊ ዶክተር ጋር ነው፤ አሳየዋለሁ። ወንድሜን ሐዲስን አንተ አታስታውሰውም፤ አራስ ቤት ነበርክ። እሱም በአንገቱ ነው የጀመረው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ዝንቡን እከለክልለት ነበር።

እህትህ
ሐረገወይን


ጎንደር
ጥር 13 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእታለም ሐረገወይን፤

ጥምቀትን ያሳየን አምላክ ላንቺም እዚያ ጠበሉን ይርጭብሽ።

ካርዱ የሚለው ይኸው፦ ስም ብርነሽ አዘዘ። ፆታ ሴት። ዕድሜ አምስት። የአንገት እጢ መግል፣ ሦስተኛ ጊዜ። ጉበት ትንሽ አብጧል። ፔኒሲሊን ተሰጥቷል፣ አልተሻላትም። ይኸው ነው። እናቴን ጠየቅኋት፤ ሁለቱም በእብጠት ነው የሄዱት፣ አንዱ በብብቱ አንዱ በሆዱ። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ ብርነሽ ባለፈው ክረምት ሳንባዋን ታማ፣ አለቀላት ስንል በመርፌ ተነሥታ ነበር። ያንን የቻለች ልጅ እንዴት በብጉር ትሞታለች?

አያ ዳኛው ለጥምቀት ወርዶ ነበር። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለስ ሕዝቡ መሐል አገኘሁት።

«አያ፣ ምነው እናቴን ማባረር ፈለጉ?» አልሁት።

«እኔ ምን ፈለግሁ? ሾተላይ ነው የፈለገው።»

«ቤሩት ያለችው እታለም ሐኪም ጠይቃ ትጽፍልናለች።»

«አንተ ልጅ፣ ሾተላይ በእስክሪብቶ አይወጣም።»

«በምላስስ ይወጣል?»

በከዘራው ትከሻዬን መታኝ። ያላመመኝ ለማስመሰል ከወጣቶቹ ጋር ገብቼ ጨፈርሁ።

እታለም፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ። «የልጆቹ ሞት የእናታቸው ጥፋት አይደለም» ይበል። ዶክተሩ ይፈርምበት። አያ ዳኛው ማንበብ አይችልም፤ ማኅተም ግን ይፈራል።

ማሩ


ቤሩት
የካቲት 16 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለማሩ ወንድሜ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ።

የጻፍክልኝን ለዶክተሩ ተረጎምሁለት። ማንበብ ሲጀምር ከወንበሩ ቀና አለ። «ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ሰሞኑን እየተጻፈበት ነው» አለኝ። እብጠቱ፣ መግሉ፣ ጉበቱ፣ ፔኒሲሊኑ አለመሥራቱ፣ ሁሉ ገጠመ። ፆታ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ወረቀቱን አስቀመጠው። «ሴት ናት? እንግዲያው አይደለም። ይህ የወንዶች በሽታ ነው» አለኝ። ስለዚህ ወረቀቱን ሊጽፍልን አይችልም።

ለአክስቴ እንዴት እንደምትነግራት አላውቅም። አንተ ግን ቁርጡን ትወዳለህ ብዬ ቁርጡን ጻፍሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ አይደለም ሲለኝ እኔ እፎይ ብያለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሐረገወይን


አምባ ጊዮርጊስ
መጋቢት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእታለም፤

በተማሪ ረብሻ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አገር ቤት ገብቻለሁ። ደብዳቤሽን ልጅ ከጎንደር አመጣልኝ። ሰላምታውን ሁሉ እንደ ተናገርሁት ቁጠሪልኝ፤ ቸኩያለሁ።

ብርነሽ ወንድ ነበር።

ሁለቱ ወንዶች ከሞቱ በኋላ ሦስተኛው ሲወለድ የመንደሩ አሮጊቶች መከሩ። እልልታውን እንኳ የሴት ልጅ እልልታ አደረጉት። ግራ ጆሮውን በስተው ጉትቻ አጠለቁለት፣ ፀጉሩን ሹሩባ ሠሩት፣ ቀሚስ አለበሱት። ስሙን ብርነሽ አሉት። ሞት ወንድ ፍለጋ ሲመጣ ሴት አግኝቶ እንዲያልፍ ነው። የደብራችን አለቃ ወልደኢየሱስ ብቻ በአርባ ቀኑ እንደ ወንድ አጠመቀው፤ እግዚአብሔርን መዋሸት አይቻልም ብሎ። ሌላው ሰው ሁሉ እያወቀ «እሷ» ይላል። እኔም «እሷ» እያልሁ አሳደግሁት፤ ሞቶም ምላሴ አልመለስ ብሎ ላንቺ እንዲያው ጻፍሁ። ሐኪም ቤቱ መስኮት ላይ ጸሐፊው «ወንድ ነው ሴት?» ሲላት እናቴ ዙሪያዋን አይታ «ሴት ናት» አለችው። ሞት ወረፋ መሐል ቆሞ የሚሰማት መስሏት ነው። የታመመው አንገቱ ስለነበረ ቀሚሱን የገለጠ ሰው የለም።

ስሙ ደሴ ነው። አባቴ በስውር ያወጣለት ስም ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ደብዳቤ ውስጥ ደሴ ነው። ለዶክተርሽ ይህን ንገሪው። ሌላም ንገሪው፤ እሱ ከመጽሐፍ ያገኘውን የእኛ አሮጊቶች ቀብረው ቀብረው አግኝተውታል። ወንድ ወንዱን እየመረጠ እንደሚወስድ ካላዩ ለምን ሴት አስመሰሉት?

እፎይ ያልሽውን ግን እጠይቅሻለሁ። ለምንድን ነው?

ማሩ


ቤሩት
ሚያዝያ 2 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለማሩ፤

በዓለ ትንሣኤው ለቤታችሁ ብርሃን ይሁን። ለአክስቴ ለሸጋዬ፣ የደሴን ስም ጠርቼ ሻማ ማብራቴን ንገራት።

ዶክተሩ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን እንደገና አነበበ። አሁን የሚለውን ልንገርህ።

ደማችን ውስጥ ነጫጭ ወታደሮች አሉ። ተሐዋስያን ሲገቡ ሮጠው ይከባሉ፣ ይውጣሉ። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። ከዋጡ በኋላ በምን እንደሚገድሉ ግን ገና ሰሞኑን ነው የተደረሰበት። ወታደሩ ጠላቱን ዋጥ ሲያደርግ አየር ሳብ ያደርግና ከዚያ አየር ራሱ ያንን ውሃ ይሠራል። ያንኑ፣ የቡናማውን ጠርሙስ ውሃ። በጣም ጥቂት፣ ዓይን የማያየው። ሆዱ ውስጥ ባለው ጠላት ላይ ለመግደያ ይጠቀምበታል። አንተም አሁን ይህን እያነበብክ ትሠራዋለህ።

ውሃው ሲበዛ የራሳችንንም ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ደማችንና ጉበታችን ቶሎ እንዲያፈርሱት ተደርገው ተፈጥረዋል። የበጉ ጉበት ላይ ያየኸው እሱን ነው፤ ጉበቱ ራሱን ሲከላከል ነበር።

የደሴ ወታደሮች ሰነፎች አልነበሩም። ሮጠዋል፣ ከበዋል፣ ውጠዋል። ውሃው ግን አልነበራቸውም። ሽፍታ ማርኮ ቤቱ ካስገባ በኋላ ጥይት እንደሌለው እንዳወቀ ሰው ሆኑ። ሽፍታው በቤታቸው ተቀመጠ። መድኃኒቱም ሲያልፍ ወታደሩን ነው የሚያየው፤ ከውስጥ የተሸሸገውን አያገኘውም። እብጠቱ ያ ነው።

ከሳንባው ለምን ዳነ ብለኸኝ ነበር። ከተሐዋስያን መካከል ይህን ውሃ ራሳቸው የሚሠሩ አሉ። እነሱን ጥይት የሌለው ወታደርም በገዛ ጥይታቸው ይገድላቸዋል። የአንገቱ ግን ከሌላው ወገን ነው፤ እንደ ጉበቱ ውሃውን የሚያፈርስ ነገር ይዞ የሚዞር። ደሴ የቻለውን ሁሉ ታግሏል ማሩ። ባዶ እጁን ነበር።

እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ አክስቴም ጥፋት የለባትም። ዶክተሩ «ይመስለኛል» ነው የሚለው፤ የልጁን ደም ሳያይ ማኅተም አይመታም። ይህን ንገራቸው።

ሐረገወይን


አምባ ጊዮርጊስ
ሚያዝያ 11 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ሸጋ አድርገሽ ጽፈሻል። ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። «ባዶ እጁን» የሚለው ላይ አስቆመችኝና ወደ ከብቶቹ ወጣች። ለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽ፤ እያወቅሽ ነው የዘለልሽው። ሐዲስ የማን ልጅ ነው? የእናቴ እህት የእቴ አየለች። የአባቴ ወንድሞች ወንድ ልጆች እንደ ጥድ ቆመዋል፤ አንድም አላበጠም። የሁለት እህትማማቾች ወንዶች ብቻ ለምን? አያ ዳኛው ማንበብ ባይችልም መቁጠር ይችላል። ይህንኑ ይጠይቀኛል። «ይመስለኛል» ብዬ ብቆም ከነሕይወቴ ይበላኛል።

አንቺ የምትደብቂኝ ነገር አለ። ደሴንም ደበቅነው፤ ካርዱ ላይ ሳይቀር ደበቅነው፤ ምን ጠቀመው? እኔ እውነት ትጎዳዋለች ተብዬ የምሳሳለት ልጅ አይደለሁም። ወንድሜን ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ሱሪ አልብሼ ከፈንሁት፣ ቀሚስ አይሆንም ብዬ። የቀጠሮው ቀን ቀርቧል። ከፈለግሽ ጻፊ፤ ካልፈለግሽ ደግሞ አልፈልግም ብለሽ ጻፊ።

ማሩ


ቤሩት
ሚያዝያ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ማሩ፤

ሰላምታውን እኔም ዘለልሁት።

የሚመጣው በእናት በኩል ነው። እናት ትሸከመዋለች፣ እሷ ግን አትታመምበትም። ከወታደሮቿ ግማሾቹ ውሃውን ይሠራሉ፣ ግማሾቹ አይሠሩም፤ ግማሽ ሠራዊት ለሰው ይበቃዋል። ልጅ ስትወልድ ወይ ደኅነኛውን ትሰጣለች ወይ ሌላውን። መርጣ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ሌላው የደረሰው ወንድ ግማሽ እንኳ የለውም። አንተ ደኅነኛው ደረሰህ፤ ደሴ ሌላው። ሴት ልጅ ሌላው ቢደርሳት እንደ እናቷ ተሸክማ ትኖራለች። አያታችን ለሁለቱም ልጆቿ ሰጠቻቸው፤ ለእናቴም ለእናትህም።

«ብርነሽ ወንድ ነበር» ያልክበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ጣቴን ወጋሁ። አንድ ቢጫ ቀለም አለን። ወታደሮቹ ሲሠሩ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ በማይሠሩት ላይ እንዳለ ይቀራል። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስል ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ባዶ። ዶክተሩ እንዲያይ ቦታዬን ለቀቅሁለት፤ የማን ደም እንደሆነ አልነገርሁትም ነበር። «ይህች ሴት ወንድም ሞቶባት ይሆናል» አለኝ።

ከዚህ በኋላ «ይመስለኛል» የለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። የተረጋገጠው ግን የእኔ ደም ስለሆነ የተጻፈበት ስም የእኔ ነው።

ዋሴ የሚባል የደብረ ታቦር ልጅ አለ፤ እዚህ ምሕንድስና ይማራል። ቀለበት አድርገናል፤ ለጥር ልንጋባ ነው። ወንድ ልጅ ይወዳል። ስሙን ሳይቀር አውጥቷል። አልነገርሁትም። ወረቀቱን ሽማግሌ ፊት ብትዘረጋው ወሬው ደብረ ታቦር ለመድረስ ከቴሌግራም ይፈጥናል። እናትህን አድንበት፣ ወይም ተወው። እኔ ልወስንልህ አልችልም። እፎይ ያልሁት ለዚህ ነበር።

ሐረገወይን


አምባ ጊዮርጊስ
ግንቦት 4 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐረገወይን፤

ልደታ ትጠብቅሽ። እናቴ ዓይንሽን ስማለች፤ አባቴ ጉንጭሽን። እኔ ደኅና ነኝ። አሁን ውሸት አይደለም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በልደታ ዕለት ነው። ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትሁት። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ጥዱ ሥር ተቀመጡ። አለቃ ወልደኢየሱስ መሐል፣ አያ ዳኛው በቀኙ፣ አባቴ በግራው። እናቴ ራቅ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለወሬ ወጥቷል።

«ሦስት ወንድ!» አለ አያ ዳኛው። «ሦስት! እርሻ ቢሆን እንኳ ሦስት ዘመን ከከዳ ይለወጣል።»

«አራት ነው የወለደችው አያ» አልሁ፤ «አራተኛው ፊትዎ ቆሟል። ምነው ሳይቆጥሩኝ?»

«አንተ ሾተላዩ የረሳህ ነህ።»

ያን ጊዜ ተናገርሁ። ስለ ወታደሮቹ፣ ስለ ውሃው፣ ጥይት ስለሌለው ማራኪ። ድሬሰሩም ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንዱ ሽማግሌ «በደም ውስጥ ወታደር? ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። «አይከፈለውም አባባ፤ ለዚያ ነው አንዳንዱ ጥይት የሌለው» አልሁት። በዚህም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የኔ ሆነ። አያ ዳኛው ብቻ አልሳቀም።

«እሺ» አለ። «ይሄ የወታደር ነገር በማን በኩል መጣ? በእኛ ነው በእሷ?»

እንደማይቀርልኝ ነግሬሽ ነበር። ልዋሽ እችል ነበር። «በእግዚአብሔር» ብል እንኳ አለቃ አሜን ብሎ ያሳልፍልኝ ነበር። ደሴን ግን አስታወስሁ። አምስት ዓመት ዋሸንለት።

«በእናቴ በኩል ነው» አልሁ።

«ሰማችሁ!» ተነሥቶ አጨበጨበ። «ከገዛ ልጇ አፍ!»

«ማስረጃ አለህ ልጄ?» አለኝ አለቃ።

«አለኝ፤ ማኅተም ያለበት።»

«እስቲ አምጣው።»

«አላመጣም። የሰው ነው።»

ጉምጉምታ ሆነ። አያ ዳኛው ሳቀ፤ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እኔም «ተሸክማዋለች እንጂ አልሠራችውም» አልሁ። «ዕጣ ነው፤ እኔም ከዚያው ዕጣ ነው የወጣሁት። ደሟ ቤታችሁን የሚያረክስ ከሆነ ግማሹ እኔ ዘንድ አለ። እሷን ካስወጣችሁ እኔንም ከዘር ቁጠራችሁ አውጡኝ። አያ ዳኛው ሲሞቱም ሌላ ተሸካሚ ይፈለግ።»

«ባለጌ!» አለና ከዘራውን አነሣ።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። እናቴ በሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም። መቀነቷን ፈታች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አላላችው። ጉትቻዋን በመዳፏ ይዛ አያ ዳኛው ፊት ድረስ ሄደች።

«ስሙ ደሴ ነው» አለች። እኔ እንኳ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። «ብርነሽ እያልሁ ከሞት ሸሸግሁት። ሞትስ አገኘው። በእኔ በኩል ከመጣ መጣ፤ ያጠባሁትም እኔ፣ የቀበርሁትም እኔ ነኝ። ይቺ ጉትቻ የፈሪ ናት። ያን ጊዜ ፈሪዋ እኔ ነበርሁ፤ አሁን አልፈራም። ገና ያልተወለደ ልጅ ፈርቶ ወንድሙን ሚስትህን ፍታ የሚል ሰው ያጥልቃት።»

እግሩ ሥር ጣለችለት።

ከዚያ ከቅጥሩ ማዶ አንዲት አሮጊት፣ ፊቷን አላየሁትም፣ «አያ ዳኛው፣ ጆሮህን ወዲህ በል!» አለች። እታለም፣ ቤተ ክርስቲያን ባይሆን ሰው መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

አባቴ እስከዚያ ድረስ በበትሩ ጫፍ አፈር ሲጭር ነበር። ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ጉትቻዋን ከወንድሙ እግር ሥር አነሣ፣ አቧራዋን አራገፈ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። «ሸጋዬ» አላት፤ «እንሂድ። ጥጃው አልታሰረም።» እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ፣ እኔ ከእሷ ኋላ ወጣን። አለቃ ወልደኢየሱስ «ባለቤቱ ከሄደ እኛ ለማን ነው የምንፈርደው?» ሲል ሰማሁ።

ማታ አባቴ «እንዲያው ሌላ ቢወለድስ?» አላት። ምን እንደመለሰችለት አልጽፍልሽም፤ የእነሱ ነው። መድኃኒት እንደሌለው ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ እዚህ ቤት ከእንግዲህ ወንድ ቢወለድ በወንድ ስም ይጠራል። ሲታመም ካርዱ ላይ ወንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ሐኪሙም ለማን እንደሚዋጋ ያውቃል።

ወረቀትሽን መልሼ ልኬልሻለሁ። እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ለዋሴ ማንበብ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ለአያ ዳኛው አላነብልሽም። ንገሪው ግን። እናቴ ያልደበቀችውን አንቺ ምነው ትደብቂያለሽ? ግማሽ ሠራዊት ይዘሽ ባሕር ተሻግረሽ እስካሁን ቆመሻል።

የሚፈራ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ጻፊልኝ። ጉትቻዋ አባቴ ጋ ናት፤ አስፈቅጄ በፖስታ እልክለታለሁ።

የደሴ ወንድም
ማሩ አዘዘ